ሮቤ ላይ ቦይለር ለምትገዛው የእህቴ ልጅ

የላክሽልኝን ሁለት ፎቶ አየሁ። አንዷ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ፣ ውሃው እያለፈባት ወዲያው የምታሞቅ ትንሽዬ ሳጥን ናት። ሁለተኛው 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ነው። «አጎቴ፣ የትኛውን ልግዛ?» ነው ጥያቄሽ። መልሴ ቦይለሩ ነው። ይህን ብቻ ይዘሽ ሱቅ ብትገቢ ግን አፈ ጮሌ ሻጭ በአምስት ደቂቃ ሐሳብሽን ያስቀይርሻል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ልቁጠርልሽ። ጎባና ሮቤ ላይ ሽቦ ስዘረጋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የውሃ ማሞቂያ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ውሃሽ፣ መስመርሽና ግድግዳሽ ይታያሉ። ሦስቱን በደንብ ካየሽ ለምርጫ የሚቀርልሽ ነገር ጥቂት ነው።

1. መጀመሪያ ውሃሽን ለኪ።

ሐዋሳ በተከራያችሁበት ቤት ትንሿ ማሞቂያ ጥሩ ትሠራ ነበር ብለሽኛል። አምናለሁ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሮቤ 2,500 ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ደግሞ 2,700ን አልፋለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚያድርበት ሰሞን፣ ቆጥ ላይ ካደረው ሮቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ጆግ ቅጂና ቴርሞሜትር ንከሪበት። 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ብታገኚ አይግረምሽ።

ገላ ለመታጠብ የሚመች ውሃ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሮቶው 25 ዲግሪ ሆኖ የሚመጣ ውሃ 15 ዲግሪ ብቻ ቢጨመርለት ይበቃዋል። 10 ዲግሪ ሆኖ የሚመጣው ግን 30 ይፈልጋል፤ እጥፍ ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,200 ጁል ያህል ይፈጃል። ፎቶዋን የላክሽልኝ ማሞቂያ 5,500 ዋት ናት። 25 ዲግሪ በሚሆነው የቆላ ውሃ በደቂቃ ከ5 ሊትር በላይ ለብ ያለ ውሃ ትሰጥሻለች፤ በእኛ ውሃ ግን 2.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ርካሽዋንና ባለ 3,500 ዋቷን ብትገዢ በደቂቃ 1.7 ሊትር ያህል ነው የምታገኚው። ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሻወሩ ሥር ያዢና ሰዓት ተመልከቺ፤ ደቂቃው አልፎ ጠርሙሱ አልሞላም። በዚያች ጠብታ ፀጉርሽን ታጥበሽ ሳሙናውን እስክታወርጂ ትከሻሽ ይደርቃል።

«ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ትንሽ ኃይል ይበቃል» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። እውነት ነው፣ ጎባ ላይ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል፤ ሰናቴ አምባ ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ያ የሆነው አየሩ ስለሳሳ ነው። ከ10 ወደ 40 ዲግሪ ለመድረስ የሚያስፈልገው ኃይል ግን ሐዋሳም ጎባም አንድ ነው።

2. ቮልቴጁ ማታ ምን እንደሚሆን እዪ።

ማሞቂያው ላይ የተጻፈው ዋት የሚሠራው 220 ቮልት ሲገባለት ነው። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰፈሩ ምጣድና ምድጃ ሁሉ ሲጣድ፣ ከትራንስፎርመር የራቀ ቤት ቮልቴጁ 180 ሊወርድ ይችላል። አምፖሉ ቀላ ሲል የምታዪው ያንኑ ነው። የማሞቂያ ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ፈጥኖ ይወርዳል፤ በ180 ቮልት 5,500 ዋት የተባለችው 3,700 ያህል ብቻ ትሠራለች። ሁሉም በሚታጠብበት ሰዓት፣ በጣም በሚበርድበት ወቅት፣ አንድ ሦስተኛዋን ትከዳሻለች።

ቦይለር ላይም ኃይሉ እንዲሁ ይቀንሳል። ግን ምን ቸገረሽ? ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አንቺም ሌላ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ልዩነቱ የባሰ ነው። ትንሿ ማሞቂያ መብራት በሄደበት ቅጽበት ቀዝቃዛ ውሃ ትለቅብሻለች። የሞቀ ቦይለር ግን ሙቀቱን የሚይዝለት ስፖንጅ ደህና ከሆነ ማታ ሞቆ ጠዋት ያገለግልሻል።

አንዳንዱ «መልካ ዋከና ደጃችን ሆኖ እንዴት ቮልቴጅ ይወርዳል?» ይለኛል። ዋቤ ሸበሌ ላይ ያለው ያ ጣቢያ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ ሲሠራም አይቻለሁ፣ ኮርተንበታልም። ነገር ግን ከጣቢያው የወጣው ኃይል የሚገባው በአገሪቱ ሁሉ በተዘረጋው መረብ ውስጥ ነው። አንቺ ቤት የሚደርሰውን ቮልቴጅ የሚወስነው የሰፈርሽ ትራንስፎርመር፣ ከእሱ ወዲህ ያለው ሽቦ ውፍረትና የጎረቤቶችሽ ብዛት ነው። ግድብ ቅርብ መሆን ለዚህ አይረዳም።

3. መጠኑን በሰው ቁጥርና በቀዝቃዛው ውሃ አስቢ።

ቦይለር ውስጥ ያለው 60 ዲግሪ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ነው ገላሽ ላይ የሚደርሰው። 50 ሊትር በ60 ዲግሪ፣ ከ10 ዲግሪ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 83 ሊትር ያህል ባለ 40 ዲግሪ ውሃ ይወጣዋል። ቀዝቃዛው 25 ዲግሪ በሆነበት ቆላ ያው ቦይለር 117 ሊትር ያህል ይሰጥ ነበር። ስለዚህ አዳማ ያለ ዘመድ «እኛ ለአምስት ሰው 30 ሊትር በቃን» ቢልሽ፣ እሱ ለራሱ ቤት ትክክል ነው፤ ላንቺ ግን አይሆንም።

ቁጥብ ሆኖ ሻወር የሚወስድ አዋቂ 25 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። አንቺ፣ ባለቤትሽና ሁለቱ ሕፃናት ናችሁ፤ ሕፃናቱ በሳፋ ስለሚታጠቡ 50 ይበቃችኋል። እናትሽ ጠቅልላ አብራችሁ የምትኖር ከሆነ 80 ይሁን። ከዚያ በላይ ለመኖሪያ ቤት አያስፈልግም። ትልቅ መግዛት ክብር የሚመስለው ሰው አለ፤ ወር ሲደርስ ያላስፈለገውን 50 ሊትር ሲያሞቅ የኖረበትን ሒሳብ ይከፍላል።

4. ከቆጣሪው ጀምረሽ መስመሩን ተከተዪ።

ቦይለር 1,500 ዋት ከሆነ 7 አምፔር ያህል ይስባል፣ 2,000 ከሆነ 9። ትንሿ ማሞቂያ ግን 25 አምፔር ትስባለች። የእንጀራ ምጣድሽ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት እንደሆነ አስታውሺ፤ እሷ ከምጣድ በላይ ናት። ለቦይለሩ ባለ 2.5 ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ለትንሿ ባለ 6 ሽቦ ከቆጣሪው ድረስ ለብቻው መሳብ አለበት። ሻጩ የዕቃዋን ዋጋ ሲነግርሽ የዚያን ሽቦ ዋጋ አይነግርሽም።

ቦይለሩም ቢሆን የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ከሳሎን ሶኬት በኤክስቴንሽን መሳብ የሚባል ነገር አታምጪብኝ። ማብሪያ ማጥፊያው ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ፣ በሩ አጠገብ ይሁን፤ ፌዙንም ኑትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ባለ ሁለት ምሰሶ ይሁን፤ መብራት ያለበት ዓይነት ደግሞ ጥሩ ነው፣ በርቶ መርሳት ይቀንሳል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ቦይለሩ ይረፍ።

ከጎረቤት ቆጣሪ የተቀጠለ መስመር ላይ ከሆንሽ፣ ቦይለሩን ከመግዛትሽ በፊት የራስሽን ቆጣሪ አስገቢ። የተቀጠለው ሽቦ አጥር ላይ፣ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚመጣ ቀጭን ሽቦ ነው፤ አምፖልና ቴሌቪዥን ይችላል እንጂ ለሁለት ሰዓት ሙሉ ሰባት አምፔር ሲሳብበት መጋጠሚያው ላይ ይግላል። ዝናብ ሲመጣ ያ መጋጠሚያ ምን እንደሚሆን ደጋግሜ አይቻለሁ።

5. ኧርዝ የሌለው ቤት ቦይለር አይሰቀልበትም።

ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቢው። ባዶ እግሯን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቆመች ሴት፣ ከራሷ በላይ ደግሞ በውሃና በኤሌክትሪክ የተሞላ ብረት፤ መታጠቢያ ክፍል ማለት ይህ ነው። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ኤለመንት ሲያረጅ ይሰነጠቅና ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ይወጣል። ኧርዝ ካለ ያ ኃይል በሽቦው ወደ መሬት ይወርዳል፣ ብሬከሩም ሊቆርጥ ይችላል። ከሌለ የሚወርደው በሰው በኩል ነው።

ሦስት ዓይነት ማታለያ አለ። አንደኛው፣ ሠራተኛው ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ ሶኬቱ ላይ ያስርና ሽቦው ግን ከግድግዳው ውስጥ የትም አይሄድም። ሁለተኛው፣ ከውሃ ቧንቧ ጋር ያስረዋል፤ ድሮ ቧንቧው ብረት በነበረ ጊዜ ትንሽም ቢሆን ይረዳ ነበር፤ ዛሬ ፒፒአር ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሦስተኛው የከፋው ነው፤ ሶኬቱ ውስጥ ኑትራሉንና ኧርዙን በአጭር ሽቦ ያገናኛቸዋል። በመፈተሻ ሲታይ ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ንፋስ የኑትራሉን ሽቦ ከምሰሶው ላይ ሲበጥሰው ግን የቦይለሩ አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናል። «ኧርዙ አለ» ሲልሽ «የት ነው የተቀበረው? አሳየኝ» በይው። መዳብ የተለበጠ ዘንግ፣ ከእሱም የሚወጣ ሽቦ በዓይንሽ ማየት አለብሽ።

የሮቤና የሲናና ሜዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ስንዴ የሚያበቅለው ያ ጥቁር ዋልካ በክረምት ጭቃ ሆኖ እግር ይይዛል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሲሆን ኤሌክትሪክ በደንብ ይቀበላል፤ ሲደርቅና ከዘንጉ ዙሪያ ሲሸሽ አይቀበልም። በነሐሴ ተፈትኖ ደህና የተባለ ኧርዝ በጥር ላይሠራ ይችላል። ዘንጉ ስንጥቁን አልፎ ርጥበት እስካለበት ድረስ በጥልቀት ይውረድ፤ አንድ ካልበቃ ሁለት ይሁን፤ ቦታው ደግሞ የልብስ እጣቢ የምትደፊበት አካባቢ ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ርጥበት ያገኛል። ልኬቱን በደረቁ ወር አስደግሚው።

ኧርዙ ካለ በኋላ ሊኬጅ ብሬከር ይጨመርበት፤ 30 ሚሊ አምፔር የሚለውን ነው የምትገዢው። ይህ ዕቃ በፌዝ የገባው በኑትራል ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይቆጣጠራል፤ ትንሽ ከጎደለ፣ ማለትም ወደ ሰው ወይም ወደ ብረት ከሸሸ፣ ሰከንድ ሳይሞላ ይቆርጣል። አንዱ ያንዱን ቦታ አይተካም፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ገንዘብ ካነሰሽ ከቦይለሩ መጠን ቀንሺ እንጂ ከዚህ አትቀንሺ።

6. ግድግዳሽ ስንት ኪሎ ይችላል?

ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃ ሲሞላ 70 ኪሎ ይጠጋል። ባለ 80ው ከ100 ኪሎ ያልፋል። አንድ ወፍራም ሰው ሌት ተቀን ግድግዳሽ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር አድርገሽ አስቢው።

የጎባም የሮቤም አሮጌ ቤቶች ጭቃ ናቸው። ማገርና ጭድ ያለው ምርግ ፊሸር አይዝም። ሠራተኛው «ረጅም ምስማር እመታበታለሁ» ካለ ሒሳቡን ከፍለሽ አሰናብቺው። ለጭቃ ቤት መፍትሔው በያጅ ዘንድ ሄዶ ወለል ላይ የሚቆም የብረት ማቆሚያ ማሠራት ነው፤ አራት እግር፣ ሥሩ ሰፋ ያለ፣ ከላይ ወደ ግድግዳው ቋሚ እንጨት አንድ ብሎን ብቻ ለመደገፊያ። ዋጋው ብዙ አይደለም፣ ቀለም ከተቀባ ዝገትም አይነካው።

ያንቺ ብሎኬት ነው። ብሎኬትም ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ ባዶው ላይ ካረፈ ለጊዜው ይይዝና ቆይቶ ይለቃል። ብሎኑ ግድግዳውን አልፎ በጀርባ በኩል የብረት ሳህን ተደርጎበት ይታሰር። ዋልካ ላይ የቆመ ቤት ደግሞ መሬቱ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ግድግዳው እንደሚሰነጠቅ ታውቂያለሽ፤ ስንጥቅ ያለበትን ቦታ ራቂ። ከሻወሩ ብዙ አታርቂው፤ ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ሙቅ ውሃው እስኪመጣ የምትደፊው ቀዝቃዛ ውሃ ይበዛል። ቧንቧው ውጭ የሚያልፍ ከሆነ ስፖንጅ ይጠምጠምበት።

7. የሚንጠባጠበውን ሴፍቲ ቫልቭ አትድፈኚው።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ10 ወደ 60 ዲግሪ የሚሄድ 50 ሊትር ውሃ 0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል። ያ ትርፍ የሚወጣው ቦይለሩ ሥር በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ባለችው ትንሽ ቫልቭ ነው። ስለዚህ ሲያሞቅ ጠብ ጠብ ማለቷ ጤንነቷ ነው። ሰው ግን ወለሌ ረጠበ ብሎ በላስቲክ ያስራታል፣ ወይም በቡሽ ይወትፋታል። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ተጣብቆ ማቋረጥ ቢያቅተው ውሃው ከመፍያ ነጥቡ አልፎ በግፊት ይታመቃል፤ መውጫም የለውም። ያኔ ቦይለሩ ግድግዳና ጣሪያ ይዞ የሚሄድ ፈንጂ ነው። ከቫልቯ ቀጭን ጎማ አውጥተሽ ወደ ፍሳሹ ምሪያት፣ ወለልሽም አይረጥብም። እጀታ ካላት በወር አንዴ አንስተሽ ውሃ መልቀቋን እዪ።

8. ውሃ ሳይሞላ አታብሪ።

ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቺ፤ አየሩን ተፍቶ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ቦይለሩ ሞልቷል። ከዚያ አብሪ። ደረቅ ላይ የበራ ኤለመንት በደቂቃዎች ይቃጠላል።

9. የታንከሩን ሆድ ጠይቂ።

የብዙዎቹ ቦይለሮች ሆድ ኢናሜል የተቀባ ብረት ነው። ውስጡ አንድ የማግኒዥየም ዘንግ አለ፤ ዝገቱ ታንከሩን ትቶ እሱን እንዲበላ የተቀመጠ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ተፈቶ ይታያል፤ ቀጭኖ ካለቀ ይቀየራል። ይህን የሚያደርግ ሰው በከተማችን ጥቂት ነው፤ የማያደርገው ደግሞ «ዕቃው አይረባም» እያለ ታንከሩ ሲበሳ አዲስ ይገዛል።

ሌላው ኖራ ነው። የባሌ ከፍተኛ ቦታ አለቱ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ወይብ ወንዝ ግን ከተራራው ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻ ሲደርስ የሚያልፈው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንዱ ሰፈር ውሃ የሌላውን አይመስልም። ያንቺን ለማወቅ የሻይ ማንቆርቆሪያሽን ሆድ እዪ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ኤለመንቱም እየያዘ ነውና በየዓመቱ አስጠርጊው። ካልያዘ አትጨነቂ።

10. ቴርሞስታቱ 60 ላይ ይሁን።

ዝቅ ካለ፣ 40 ወይም 45 ላይ ከቆየ፣ ሊጂዮኔላ የሚባል የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ 60 ዲግሪ ይገድለዋል። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ያቃጥላል፣ የሕፃንን ከዚያም ባነሰ ጊዜ። ልጆቹን ስታጥቢ ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛውን አስቀድመሽ ሙቁን ጨምሪበት፤ በክንድሽ ሞክሪው። ማደባለቂያ ቧንቧው ላይ ሙቁ በየት በኩል እንደሆነ ለትልቁ ልጅ አሁኑኑ አስተምሪው።

ስለ ሒሳቡም ጠይቀሽኛል። 50 ሊትር ከ10 ወደ 60 ለማድረስ 2.9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 1,500 ዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሠራል ማለት ነው። በየቀኑ አንዴ ካሞቅሽ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ሌት ተቀን እንደበራ ከተውሽው ባይታጠቡበትም በቀን ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት በራሱ አካል በኩል ያባክናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታሽ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምር ነው፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ ከመታጠቢያ ሰዓታችሁ ሁለት ሰዓት ቀድመሽ አብሪ፣ ስትጨርሱ አጥፊ። ከተቻለ ቮልቴጁ የሚሻልበትን ንጋት ምረጪ። ነጎድጓድ ሲጀምርም አጥፊው።

11. ከሰል፣ ጋዝና ባልዲ ውስጥ የሚነከረው ጥምዝምዝ።

ሦስቱንም አልፈልግም። መታጠቢያ ክፍሉን ላሙቅ ብሎ የከሰል ምድጃ ይዞ የሚገባ ሰው አለ፤ የጋዝ ማሞቂያ በተዘጋ ክፍል የሚሰቅልም አለ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ያፈዝዛል፣ ያስተኛል፣ አይቀሰቅስም። ጥምዝምዙን ሽቦ ደግሞ ልጆች ያሉበት ቤት አታስገቢ፤ ባልዲው ውስጥ እጅ መንከር የሕፃን ጠባይ ነው።

12. ስለ ሶላር።

በበጋ ጥሩ ይሠራል፤ ፀሐያችን ብርቱ ናት። ነገር ግን ባሌ በልግም ክረምትም ዝናብ አለው፣ ደመናው ረጅም ነው፣ ሌሊቱም ውርጭ። ሶላር ብታስገቢም ለደመናው ጊዜ የኤሌክትሪክ ኤለመንት ያስፈልግሻል። መጀመሪያ ቦይለሩን ግዢ፤ ሶላሩን በኋላ እንነጋገርበታለን። እንጨት ግን ይቅር። በየቀኑ ለገላ ውሃ የሚነደው ጥድና አስታ ከተራራው ነው የሚመጣው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቅርሱን በጉማጅ እየቆረጡ ከምድጃ መክተት ለዓለምም ለእኛም አይመጥንም።

13. አሁን ግዢ።

ባለ 50 ሊትር፣ ባለ 1,500 ዋት፣ ቁም (አግድሙ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ቶሎ ያደባልቃል)፣ ሆዱ ኢናሜል ወይም ስቴንለስ፣ ሴፍቲ ቫልቩ በካርቶኑ ውስጥ ያለ። ብራንድ አልነግርሽም። ይልቅ ሻጩን «የዚህ ኤለመንትና ቴርሞስታት መለዋወጫ እዚሁ ሮቤ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ካለ አውጥቶ ያሳይሽ። መርካቶ ላይ ዋጋው ቢቀንስም፣ ከአዲስ አበባ ሮቤ ድረስ 430 ኪሎ ሜትር ያህል አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ የሚመጣ ቦይለር ኢናሜሉ ቢሰነጠቅ ከውጭ አይታይም፤ ውስጡ ዝጎ ሲያፈስ ብቻ ነው የምታውቂው። እዚሁ ከሚታወቅ ሱቅ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ይዘሽ ግዢ።

ሲገጠም ቤት ሁኚ። ሠራተኛው ሲጨርስ ኧርዙን በመሣሪያ ለክቶ ቁጥሩን ያሳይሽ። ከዚያ ቦይለሩ በርቶ ሳለ ሊኬጅ ብሬከሩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ አንቺ ራስሽ ተጫኚያት። ቦይለሩ ወዲያው ከጠፋ የሠራተኛውን ሒሳብ ክፈዪ። ካልጠፋ አንድ ብር አትስጪ፣ ማንም ሰው እንዳይታጠብ፣ ለእኔም ደውዪልኝ።